ቆዳውና ጽሕፈቱ

ሐረር፣ አቦከር ሰፈር ውስጥ ሠርግ መቅረጽና ሲዲ ማባዛት በጀመርኩበት ዘመን «ፎርማት» የምትለው ቃል ለሁሉም ትበቃን ነበር። ቴሌቪዥኑ አልቀበል አለ፤ ፎርማቱ ነው። ድምፁ መጥቶ ምስሉ ቀረ፤ ፎርማቱ ነው።

በቪኤችኤስ ጊዜ ከሁለቱ የቴሌቪዥን ሥርዓቶች፣ ከፓልና ከኤንቲኤስሲ ንትርክ በቀር ይህ ጣጣ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1976 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የወጣውን ያን ካሴት ማጫወቻው ከዋጠው ያጫውተዋል፤ ቢበዛ ሄዱን በአልኮል መጥረግ ነው። የተወሳሰበው ቪሲዲ ሲመጣ ነው። 352 በ288 ነጥብ፣ በሰከንድ 25 ምስል፤ እንዳለ ቢጻፍ ሲዲው ሁለት ደቂቃ እንኳ አይዘልቅም። ኤምፔግ-1 ግን ከምስል ምስል ያልተለወጠውን እየዘለለ 74 ደቂቃ ያህል ያስገባበታል። ኮዴክ የሚባለው ይሄ ነው፤ መጨመቂያውና መፍቻው። ሲዲውን ኮምፒውተር ላይ ስንከፍት የምናየው «ዳት» ደግሞ ምስሉንና ድምፁን ጎን ለጎን የያዘው ዕቃ ስም ነው።

ይህ የዕቃውና የይዘቱ መለያየት ለሐረር ሰው እንግዳ መሆን አልነበረበትም። እ.ኤ.አ. በ1855 ጀጎል የገባው ሪቻርድ በርተን የከተማዋን መጽሐፍ ጠራዦች ከፋርስ በቀር በምሥራቅ የሚበልጣቸው የለም ብሎ አድንቋል። በሸሪፍ ሙዚየም የቆዩ ጥራዞችን ያየ ያውቃል፤ ቆዳው ላይ የታተመው ጌጥ ውስጡ ዐረብኛ ይሁን በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ ሐረሪ አይናገርም። ፊደሉን የለየ ሁሉም ቋንቋውን አያውቅም።

ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ1992 ያወጣው ኤቪአይ የተባለው መያዣም እንደዚያ ቆዳ ነው። አንዱ ኤቪአይ ዲቪኤክስ የሚባለውን ኮዴክ ይዞ ይመጣል፣ ሌላው ሌላ፤ ቴሌቪዥኑ አንዱን ያነባል፣ ሌላውን ያያል እንጂ አያነብም። የፋይሉን ስም ቀይረን እናታልለው ነበር፤ ቆዳውን እንኳ ሳይሆን ቆዳው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት መለወጥ!

አንድ የሰፈራችን ሐጂ የልጃቸውን ሠርግ በሁለት ቪሲዲ ይዘው መጡ። «ልጄ፣ በፍላሽ አድርግልኝ።» ሌሊቱን ሙሉ ወደ ኤቪአይ ኮንቨርት ሳደርግ አደርኩ። የተጨመቀውን ፈትቼ እንደገና መጭመቄ ነበር፤ ጠዋት የሴቶቹ ሻሽ ቀለሙ ደፍርሷል፣ የሙሽራይቱ ፊት ሳጥን ሳጥን ሆኗል። ሐጂው ሒሳቡን ከፍለው ሄዱ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ ዲስኮቹን መልሼ ለመንኳቸው። ኤምፔግ-1ን ሳልነካ ከዳቱ አውጥቼ፣ ቴሌቪዥኑ በሚያውቀው በኤምፔግ መያዣ አኖርኩት። ከኮፒው ጊዜ ጋር ጥቂት ደቂቃ ፈጀ። ፍላሹን ቤታቸው ወስጄ ሰካሁት፤ ሙሽራይቱ ከነሙሉ ፊቷ ወጣች። ሐጂው ቡናቸውን አስቀምጠው ቴሌቪዥኑን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ታዲያ ያን ሌሊት ምን ስትሠራ አደርክ፣ ልጄ?»