እከክና መግል የቋጠረ ቁስል፦ ከታሪክ ለፎገራ ሜዳ

እከክን የምታስከትለው በቆዳ ውስጥ ሰርስራ የምትኖር ደቂቅ ተባይ መሆኗን ጣሊያናዊው ሐኪም ጆቫኒ ቦኖሞ እ.ኤ.አ. በ1687 ገልጾ ነበር። ሆኖም ግኝቱ ሙሉ ተቀባይነት ያገኘው ከአንድ ምዕተ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት እንግሊዛዊው ኬኔት ሜላንቢ በበጎ ፈቃደኞች ላይ ባካሄደው ጥናት፣ በሽታው ይበልጥ የሚተላለፈው በአልባሳት ሳይሆን በቆዳ ንክኪ መሆኑን አሳየ። እከክ የቤተሰብ በሽታ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የእከክ ጉዳት በማሳከክ ብቻ አያበቃም። በታከከው ቆዳ ስትሬፕቶኮከስና ስታፊሎኮከስ የተባሉት ባክቴሪያዎች ገብተው መግል ያስቋጥራሉ። እ.ኤ.አ. በ1971 በትሪኒዳድ ደሴት የእከክ ወረርሽኝ በተነሣበት ጊዜ በርካታ ሕፃናት በስትሬፕቶኮከስ ሳቢያ በሚመጣ የኩላሊት ብግነት ታመዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው የፊጂ ጥናት ደግሞ የተገላቢጦሹን አስረዳ፤ ለመላው ማኅበረሰብ አይቨርሜክቲን ሲሰጥ እከክ በ94 በመቶ፣ መግል የቋጠረ ቁስል በ67 በመቶ ቀነሰ።

በአገራችን በ2008 ዓ.ም. በድርቁ ወቅት በአማራ ክልል 1,125,770 ሰዎች ተመርምረው 379,000 ያህሉ እከክ ተገኝቶባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እከክን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ተርታ የመደበው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው።

የፎገራ ሜዳ ችግር ከውኃ እጥረት ይልቅ ጎርፍ ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ብዙ ነዋሪዎችን አፈናቅለዋል። ተፈናቃይ በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ሲያድር የቆዳ ንክኪ ይበዛል፤ ስለዚህ ጎርፍም እንደ ድርቅ ለእከክ መንገድ ይከፍታል። ወረታ ከደብረ ታቦር የሚመጣው መንገድ ከባሕር ዳር-ጎንደር አውራ ጎዳና ጋር የሚገናኝባት ከተማ በመሆኗ፣ ከደጋው የሚመጣ ሕመምተኛም ያጋጥማታል።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መግል የቋጠረ ቁስል ይዞ የመጣ ሕፃን ጣቶቹ መካከልና የእጅ አንጓው ይታይ፤ ሌሊት የሚያሳክከው የቤተሰብ አባል መኖሩም ይጠየቅ። እከክ ከሆነ የባክቴሪያው መድኃኒትና የእከኩ ሕክምና በአንድነት ይሰጡ፤ ቤተሰቡ በሙሉ፣ የማያሳክከውም ጭምር፣ በአንድ ቀን ይታከም፤ ሕክምናው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም። ክብደቱ ከ15 ኪሎ ግራም በታች ለሆነ ሕፃንና ለነፍሰ ጡር እናት ከአይቨርሜክቲን ይልቅ የሚቀባ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ፐርሜትሪን ወይም የድኝ ቅባት፣ ይመረጣል። ፊቱ ያበጠ ወይም ሽንቱ የጠቆረ ሕፃን ሽንቱና የደም ግፊቱ ሳይመረመር ወደ ቤቱ አይመለስ። ቁስሉን አድርቆ ተባዩን መተው ሕመምተኛው ያንኑ ቁስል ይዞ እንዲመለስ ማድረግ ነው።