የደብረ ሊባኖስ ሰማዕታት ቁጥር

ግንቦት 12 ቀን የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ፍልሰተ ዐፅም በሚከበርበት ሰሞን በይፋግ ገበያም ሆነ በጣና ዳር አድባራት የደብረ ሊባኖስ ስም ሲነሣ የበጌምድር ሰው የሩቅ አገር ወሬ አድርጎ አይሰማውም፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የገዳሙ እጨጌ መንበራቸው በዚሁ በእኛ አገር ነበርና። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በኢጣሊያው ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ መጣላቸውን፣ በበቀሉም አዲስ አበባ ሦስት ቀን መታረዷን ሕፃን ሽማግሌው ስለሚያውቀው ብዙ አልተርክም።

ሊቃውንትን የሚያከራክረው ከሦስት ወር በኋላ የሆነው ነው። ግራዚያኒ አስቀድሞ አዝማሪውን፣ ጠንቋዩንና ባሕታዊውን ወሬ አናፋሽ ናችሁ ብሎ ካስፈጀ በኋላ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት የቦምብ ጣዮቹ ተባባሪዎች ናቸው በሚል ምክንያት አንድም ሳይለይ እንዲረሸኑ ጄኔራል ማለቲን አዘዘው። ከበዓሉ ማግሥት፣ ግንቦት 13 ቀን፣ ማኅበረ መነኮሳቱ በካሚዮን ተጭነው ወደ ላጋ ወልዴ ገደል ተወሰዱ፤ በረድፍ ተቀምጠው ረጅም ሸራ ከለበሱ በኋላም በመትረየስ ተፈጁ። ዲያቆናቱ ደግሞ ግንቦት 18 ቀን በደብረ ብርሃን አጠገብ፣ በእንግጫ፣ አለቁ።

የግራዚያኒ ቴሌግራሞች 297 መነኮሳት፣ 23 ምእመናንና 129 ዲያቆናት፣ በድምሩ 449 ሰው ተገደለ ይላሉ፤ ይህም ቁጥር ለብዙ ዘመን ሲጠቀስ ኖረ። ተመራማሪዎቹ ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ ግን ከሞት የተረፉትንና የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቀው ከ1,000 እስከ 1,600 አደረሱት፤ ካምቤል ኋላ በጻፈው መጽሐፍ እስከ 2,200 ከፍ አደረገው። እኔ ወደ ሽማግሌዎቹ አደላለሁ፤ ለበዓል የመጣን ተሳላሚ ስም በየትኛው መዝገብ ይዘው ይቆጥሩታል?

የሕጉ ነገር ሲመረመር ደግሞ የቁጥሩ ክርክር ሁለተኛ ይሆናል። ለወንጀሉ በ1944 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጄኖሳይድ፣ ማለትም ዘር ማጥፋት፣ የሚል ስም ያወጣለት ፖላንዳዊው የሕግ ሊቅ ራፋኤል ለምኪን ነው፤ ኅዳር 30 ቀን 1941 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቁት ስምምነትም የሬሳ ብዛት አይጠይቅም፤ አንድን የሃይማኖት፣ የዘር ወይም የብሔር ማኅበር በሙሉ ወይም በከፊል ለማጥፋት ታስቦ እንደ ሆነ ይጠይቃል እንጂ። በአንድ ቦምብ ምክንያት አንድን ገዳም ሳይለዩ የፈጁ፣ አከታትለውም ገዳሙ ለዘለቄታው ተዘግቷል ብለው ወደ ሮም ያበሠሩ ሰዎች ሐሳባቸውን በራሳቸው ቃል አስፍረዋል፤ ለዚህ 449ም ይበቃል።

ኢትዮጵያ ያን ስምምነት ሰኔ 24 ቀን 1941 ዓ.ም. ከአገሮች ሁሉ ቀድማ አጸደቀች። ግራዚያኒ ግን በኢትዮጵያ ላይ ስለሠራው ግፍ አልተጠየቀም፤ ከጀርመኖች ጋር በማበሩ የ19 ዓመት እስራት ተፈርዶበት በጥቂት ወራት ወጣ፣ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በኢጣሊያዋ አፊሌ መታሰቢያ ቆመለት። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ በአንቀጽ 281 ከዓለሙ ስምምነት አልፎ የፖለቲካ ቡድንን ማጥፋትንም ጨመረ፤ በዚህ ሕግ በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. በሌሉበት ጥፋተኛ የተባሉት ግን ኢትዮጵያዊው ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ናቸው።