«14ኛው ቀን» ከየት መጣ? እርግዝና የሚፈጠርበት ቀን የተገኘበት ታሪክ

«ዶክተር፣ የወር አበባዬ በመጣ በ14ኛው ቀን ነው አይደል የማረግዘው?» የሚል ጥያቄ በብዛት ይደርሰኛል። አጭሩ መልስ፦ ለአንዳንዶቻችሁ አዎ፣ ለብዙዎቻችሁ ግን አይደለም። ይህ 14 የሚባል ቁጥር ከየት እንደመጣ ዛሬ ላጫውታችሁ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የአውሮፓ ሐኪሞች የሴት እንቁላል መቼ እንደሚለቀቅ አያውቁም ነበር። የሚያዩት እንስሳትን ነው። ውሻ ለስሪያ በምትደርስበት ወቅት ደም ይታይባታል፤ እንቁላሏም የሚለቀቀው በዚያው ሰሞን ነው። እንግዲያው ሴትም እንደዚያው ናት ብለው ደመደሙ። የውሻ ደምና የሴት የወር አበባ ግን ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ይህ ስህተት መጽሐፍ ውስጥ ብቻ አልቀረም። ልጅ ማሳረፍ የፈለጉ ባልና ሚስት ወደ ሐኪም ሲሄዱ «ከወር አበባ አካባቢ ተጠንቀቁ፣ መሃሉ ላይ ግን ስጋት የለም» ይባሉ ነበር። መሃሉ ደግሞ ለእርግዝና በጣም አመቺ የሆነው ጊዜ ነው! ልጅ አጥተው የተጨነቁትም እንዲሁ የተሳሳተው ቀን ይነገራቸው ነበር። ወሊድ ብዙ እናቶችን በሚቀጥፍበት በዚያ ዘመን የምክሩን ዋጋ የከፈሉት ሴቶቹ ናቸው።

ነገሩ የተስተካከለው በ1920ዎቹ ነው። ኪዩሳኩ ኦጊኖ የሚባል ጃፓናዊ የማህፀን ሐኪም ኒጋታ በምትባል ከተማ ይሠራ ነበር። ለሌላ ሕመም ሆዳቸው በቀዶ ሕክምና የሚከፈት ሴቶችን እንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) በዓይኑ እያየ፣ ያየውን ከወር አበባቸው ቀን ጋር ያመሳክር ጀመር። እስከዚያ ድረስ ሁሉም የሚቆጥረው ካለፈው የወር አበባ ወደ ፊት ነበር፤ ቁጥሩም ከሴት ሴት ይለያያል። ኦጊኖ አቆጣጠሩን ገለበጠው። ከሚቀጥለው የወር አበባ ወደ ኋላ ሲቆጥር፣ እንቁላሉ የሚለቀቀው የወር አበባው ሊመጣ ከ12 እስከ 16 ቀን ሲቀረው ሆኖ አገኘው። በ1924 በጃፓንኛ አሳተመው። ሄርማን ክናውስ የሚባል ኦስትሪያዊ ሐኪም ደግሞ የማህፀን ጡንቻ ለሆርሞን የሚሰጠውን ምላሽ በማጥናት፣ በሌላ መንገድ ሄዶ ወደ 14 ቀን ገደማ ደረሰ።

እንግዲህ «14» የተባለው ከሚቀጥለው የወር አበባ በፊት ያለው 14 ቀን ነው። የወር አበባሽ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ከሆነ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ብትቆጥሪ 14 ይሆናል፤ ግርታው የመጣው ከዚህ ነው። በየ35 ቀኑ ለሚመጣላት ግን 21ኛው ቀን አካባቢ ይሆናል። በየ24 ቀኑ ለሚመጣላት 10ኛው ቀን ገደማ።

ችግሩ የሚቀጥለው የወር አበባ መቼ እንደሚመጣ አስቀድሞ በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። በቀን መቁጠሪያ ብቻ የተማመኑ ብዙ ቤተሰቦች ያልጠበቁት እርግዝና የገጠማቸው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፍለጋው ወደ ሰውነት ምልክቶች ዞረ። አንዱ የሰውነት ሙቀት ነው፦ ጠዋት ከአልጋ ሳይነሱ ሲለካ፣ እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ በጥቂት ነጥቦች ከፍ ይላል። ነገር ግን ሙቀቱ የሚነግረን ካለፈ በኋላ ነው።

ቀድሞ የሚናገረው የማህፀን በር ፈሳሽ ነው። በ1953 ጆን ቢሊንግስ የተባለ በሜልቦርን፣ አውስትራሊያ የሚሠራ ሐኪም ለካቶሊክ ባለትዳሮች ምክር እንዲሰጥ ተጠይቆ ሥራውን ጀመረ። ሙያው የነርቭ ሕክምና እንጂ የማህፀን አልነበረም። ሴቶቹን ምን እንደሚያዩ ጠየቃቸው። በኋላ የሕፃናት ሐኪም የሆነችው ባለቤቱ ኤቭሊን ተቀላቀለችው። ሴቶቹ የነገሯቸው ይህን ነው፦ የወር አበባው ካበቃ በኋላ ደረቅ ቀናት ይኖራሉ፤ ከዚያ ወፍራምና ነጣ ያለ ፈሳሽ ይመጣል፤ እንቁላል ሊለቀቅ ሲቃረብ እንደ ጥሬ እንቁላል ነጩ ክፍል ጥርት ያለ፣ የሚያሟልጭና በጣት ሲሳብ የሚለጠጥ ይሆናል። የወንዱ ዘር እስከ 5 ቀን ሊቆይ የሚችለው በዚህ ፈሳሽ ውስጥ ነው፤ እንቁላሉ ግን ከተለቀቀ ከ24 ሰዓት ብዙም አያልፍም። (ሽታ፣ ማሳከክ ወይም አረንጓዴ ቀለም ያለው ፈሳሽ ግን የኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል።)

በ1995 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት ነገሩን አጠራው። ለማርገዝ የሚሞክሩ 221 ሴቶች ሽንታቸውን በየቀኑ እያጠራቀሙ ሆርሞናቸው ተለካ። እርግዝና የተፈጠረው እንቁላል በሚለቀቅበት ቀንና ከዚያ በፊት ባሉት 5 ቀናት፣ በድምሩ በ6 ቀናት ውስጥ በተደረገ ግንኙነት ብቻ ነበር። ከማግስቱ ጀምሮ ምንም አልተገኘም።

ልጅ የምትፈልጉ ከሆነ የሚለጠጠውን ፈሳሽ ስታዩ ጊዜው ያ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ቀን ልዩነት በወሩ ውስጥ መገናኘትም ይበቃል። ላለመውለድ ከሆነ ግን በተለይ የሚያጠቡ እናቶችና የወር አበባቸው የሚዛባ ሴቶች በእነዚህ ምልክቶች ብቻ ባይተማመኑ ይሻላል። አንድ ዓመት ሞክራችሁ ካልተሳካ፣ ሚስት 35 ዓመት ከሞላት ደግሞ ከ6 ወር በኋላ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ። ሁለታችሁም ሂዱ፤ የባል የዘር ፍሬ ምርመራ ቀላል ስለሆነ ከመጀመሪያው ይሠራ።