ዲሴምበር፦ የረጅሙ ሌሊት ጥንታዊ በዓላት

የአውሮፓውያኑ ዲሴምበር በመጣ ቁጥር አንድ ክርክር አብሮ ይመጣል፦ የገና በዓል ከአረማውያን የተወሰደ ነው ወይስ አይደለም? ጥያቄው ለብዙ ምእመናን ቀላል አይደለም፤ የሚያከብሩትን በዓል መሠረት የሚነካ ነውና። መልሱን ለመመርመር በወሩ ይከበሩ የነበሩትን በዓላት ማወቅ ይጠቅማል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሰሜናዊው የምድር ክፍል የዓመቱ ረጅሙ ሌሊት አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 21 ወይም 22 ላይ ይውላል። ከዚያ ወዲህ የቀኑ ብርሃን ይጨምራል። በዚህ ወቅት የሚውሉ በርካታ ጥንታዊ በዓላትም ከዚሁ ለውጥ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ሳተርናሊያ

በጥንቷ ሮም ለሳተርን አምላክ የሚከበረው ይህ በዓል ዲሴምበር 17 ይጀምር ነበር። መጀመሪያ የአንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ኋላ እስከ ሰባት ቀን ተራዝሟል። ፍርድ ቤቶች ይዘጋሉ፤ በሌላ ጊዜ የተከለከለው ቁማር ይፈቀዳል፤ ሰዎች የሰም ሻማና ትንንሽ የሸክላ ምስሎች በስጦታ ይለዋወጣሉ። ባሪያዎች ከጌቶቻቸው ጋር በአንድ ማዕድ ይቀርቡ፣ አንዳንዴም ጌቶቹ ራሳቸው ያስተናግዷቸው ነበር። በዓሉ ሲያበቃ ግን ባርነቱ እንደ ቀድሞው ይቀጥላል።

የማትበገረዋ ፀሐይ

ንጉሠ ነገሥት ኦሬሊያን በ274 በሮም ከተማ ለፀሐይ አምላክ ቤተ መቅደስ መረቀ። በ354 የተዘጋጀ አንድ የሮም የዘመን መዝገብ ዲሴምበር 25ን የማይበገረው አምላክ ልደት አድርጎ ይመዘግባል። ይኸው መዝገብ በሌላ ክፍሉ ክርስቶስ በዚያው ዕለት በቤተልሔም መወለዱን ያሰፍራል።

ዩል

የስካንዲኔቪያና የሌሎች ጀርመናዊ ሕዝቦች የክረምት በዓል ነው። የኖርዌይ ነገሥታት ዜና መዋዕል እንደሚተርከው፣ በ10ኛው ክፍለ ዘመን የነገሠው ክርስቲያኑ ንጉሥ ሃኮን ዩል ከክርስቶስ ልደት ጋር በአንድ ጊዜ እንዲከበር አዘዘ። ስካንዲኔቪያውያን ዛሬም ገናን የሚጠሩት በዚሁ ስም ነው።

ያልዳ

ኢራናውያን፣ አፍጋኖችና ጎረቤቶቻቸው ረጅሙን ሌሊት ሮማን፣ ሐብሐብና ለውዝ እየበሉ፣ የገጣሚውን ሃፌዝ ሥራዎች እያነበቡ ያነጋሉ። ዩኔስኮ በ2022 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ስሙ የሱርስጥ ቃል ሲሆን ትርጉሙ ልደት ነው፤ ከግእዙ "ወለደ" ጋር ከአንድ ሴማዊ ሥር ይመዘዛል።

ታዲያ ገናስ?

አንዳንድ ተመራማሪዎች ቤተ ክርስቲያን ዲሴምበር 25ን የመረጠችው የፀሐይን በዓል ለመተካት ነው ይላሉ። ሌሎች ግን ቀኑ ከስሌት የመጣ ነው ባይ ናቸው፦ ክርስቶስ ማርች 25 ተፀነሰ ብለው ካመኑት የጥንት ክርስቲያኖች ዘጠኝ ወር ሲቆጠር ዲሴምበር 25 ይደርሳል። ለሁለቱም በዓላት ቀን ቀደምት ማስረጃ የሚሰጠው ያው የ354ቱ መዝገብ በመሆኑ፣ ማን ከማን ወሰደ የሚለውን እርሱ ብቻ አይፈታውም።

የኢትዮጵያና የኤርትራ ኦርቶዶክሳውያን ገና የሚውልበት ታኅሣሥ 29ም በጥንቱ የዩልዮስ አቆጣጠር ያው ዲሴምበር 25 ነው። ሁለቱ የአውሮፓ አቆጣጠሮች ዛሬ በ13 ቀናት ስለሚለያዩ በዓሉ ጃንዋሪ 7 ላይ ይውላል። የቀን መገጣጠም ብቻውን መወራረስን አያረጋግጥም፤ እንደ ዩል ያለ ስም ከአሮጌው በዓል ወደ አዲሱ መሻገሩ ግን እስከ ዛሬ በሰዎች አንደበት ይሰማል።