የገመድ አልባ ኢንተርኔት አገልግሎቶች የሶፍትዌር ምህንድስና ተግዳሮቶች

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት ወደ ተንቀሳቃሽ ስልክ እየተሸጋገረ በመጣ ቁጥር የሶፍትዌር ጥራት የአስተዳደር ጉዳይ ሆኗል። አንድ ባለጉዳይ በስልኩ የከፈለው ገንዘብ ከሒሳቡ ተቀንሶ ደረሰኝ ሳይደርሰው ቢቀር፣ አቤቱታውን ይዞ የሚቀርበው ሶፍትዌሩን ለሠራው ባለሙያ ሳይሆን ለመሥሪያ ቤቱ ነው።

ዳራ

ሊቋረጥ በሚችል መስመር መሥራት ለአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በካዛንቺስ አቅራቢያ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የልማት መረጃ ክፍል በ1980ዎቹ አጋማሽ በስልክ መስመር የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ደብዳቤዎቹ በኮምፒውተር ውስጥ ተጠራቅመው ይቆዩና የስልክ ግንኙነት ሲገኝ በአንድነት ይላኩ ነበር። መስመሩ ቢቋረጥ ደብዳቤው ለሚቀጥለው ጥሪ ይቆያል እንጂ አይጠፋም።

ኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት ያገኘችው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን፣ የአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ በአዲስ አበባ በ2007 ዓ.ም.፣ የአምስተኛው ትውልድ ደግሞ በግንቦት 2014 ዓ.ም. በሙከራ ደረጃ ተጀምሯል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አገልግሎቱን ከፍቷል። ፍጥነቱ ከቀድሞው ጋር ባይነጻጸርም የመቋረጥ ጉዳይ ግን አልተወገደም።

የመቋረጥ ምክንያቶች

የሬዲዮ ሞገድ በወፍራም ግድግዳና በብረት ሲያልፍ ይዳከማል። ከመስቀል አደባባይ ወደ ካዛንቺስ የሚጓዝ ሰው ስልክ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ይተላለፋል። ተጠቃሚው ከቢሮው ዋይፋይ ወጥቶ ወደ ሞባይል ዳታ ሲሸጋገር የስልኩ የኢንተርኔት አድራሻ ስለሚለወጥ የጀመረው ሥራ ሊቋረጥበት ይችላል። በርካታ ሕዝብ በአንድ ሥፍራ ሲሰበሰብም የማማው አቅም ይጣበባል። የአካባቢው ገጽታም ይለዋወጣል፤ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ ምክንያት በርካታ የካዛንቺስ ቤቶች መፍረሳቸው ይታወሳል። በመሆኑም አንድ ጊዜ የተደረገ የኔትወርክ ፍተሻ ለዘለቄታው አያገለግልም።

ሁለት ጊዜ የተከፈለ ክፍያ

ከሁሉም የሚከፋው መቋረጥ መልሱ በመንገድ ላይ ሲጠፋ የሚደርሰው ነው። የክፍያው ትዕዛዝ ማዕከላዊው ኮምፒውተር ዘንድ ደርሶ ገንዘቡ ይቀነሳል፤ ማረጋገጫው ግን ወደ ስልኩ አይመለስም። ባለጉዳዩ ትዕዛዙ ያልደረሰ መስሎት በድጋሚ ይልካል፤ ሁለት ጊዜም ይከፍላል።

መፍትሔው በመዝገብ ቤት ከሚሠራበት ደንብ የራቀ አይደለም። አንድ ደብዳቤ በቁጥሩና በቀኑ ስለሚታወቅ ሁለት ጊዜ ቢደርስ እንደ ሁለት ጉዳይ አይቆጠርም። በተመሳሳይ ሁኔታ እያንዳንዱ የክፍያ ትዕዛዝ ከስልኩ ሳይወጣ የራሱ መለያ ቁጥር ሊሰጠው ይገባል። ማዕከሉ ያንኑ ቁጥር ዳግም ሲያይ ሌላ ክፍያ ሳይፈጽም የቀድሞውን መልስ ይልካል።

የፊደልና የዘመን አቆጣጠር ጉዳይ

አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት በላቲን ፊደል 160 ሆሄያት ሲይዝ፣ በአማርኛ የሚይዘው 70 ብቻ ነው። ለእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ማስታወቂያ በቀጥታ ወደ አማርኛ ሲመለስ ለሁለትና ለሦስት ሊከፈል፣ ወጪውም ሊጨምር ይችላል። ስለዚህ የአማርኛው ጽሑፍ ከመጀመሪያው በልኩ መዘጋጀት አለበት።

የስም ፍለጋም ጥንቃቄ ይሻል። «ሐይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው «ኃይሉ» ተብሎ ሲፈለግ የሚጠፋ ከሆነ ሥርዓቱ የአገሩን ጽሑፍ አያውቅም ማለት ነው። አሥራ ሦስተኛውን ወር ጳጉሜን የማይቀበል ወይም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተባለውን ቀጠሮ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ የሚመዘግብ ፕሮግራምም ባለጉዳይን ያጉላላል።

የለውጥ ሥራና የመረጃ ጥበቃ

በሥራ ላይ ያለ ሥርዓት ሲሻሻል የሚፈጠር ስህተት ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ታይቷል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከሥርዓት ማሻሻያ ጋር በተያያዘ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ከ800 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ገንዘብ መውሰዳቸውን አስታውቆ ነበር። ይህም ማንኛውም ለውጥ በቅድሚያ በተለየ የመሞከሪያ ሥፍራ መፈተሽ፣ ወደ ቀድሞው ሁኔታ የሚመለስበት መንገድም አስቀድሞ መዘጋጀት እንዳለበት ያመለክታል።

በአየር ላይ የሚተላለፍ መረጃ በሌላ ሰው ሊጠለፍ ስለሚችል በምስጢራዊ ኮድ ተሸፍኖ መላክ ይኖርበታል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግለሰቦችን መረጃ በሚይዙ አካላት ላይ ኃላፊነት መጣሉም ሊዘነጋ አይገባም።

በርክክብ ወቅት ሊጠየቁ የሚገባቸው

አብዛኛው ሶፍትዌር የሚፈተሸው የተሟላ ኢንተርኔት ባለበት አዳራሽ ውስጥ ነው። የሥራ ኃላፊዎች ግን ርክክብ ከመፈጸማቸው በፊት አራት ጥያቄዎችን በተግባር እንዲመለሱ ማድረግ ይችላሉ፦

1. ክፍያ በመፈጸም ላይ እያለ ኔትወርኩ ቢጠፋ ምን ይሆናል?
2. ባለጉዳዩ የሞላው ቅጽ ግንኙነቱ እስኪመለስ ድረስ በስልኩ ይቆያል?
3. ዝቅተኛ ዋጋ ባለው ስልክና በደካማ ኔትወርክ ይሠራል?
4. ዘመናዊ ስልክ የሌለው ባለጉዳይ በምን ይስተናገዳል?

የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በውል ሰነዱ ውስጥ በግልጽ ሲሠፍር፣ በመስመር መቋረጥ ሳቢያ የሚደርሰው ጉዳት በባለጉዳዩ ትከሻ ላይ እንዳይወድቅ ያግዛል።