ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጥ ገንዘብ ልጆችን የሚጠብቀው መቼ ነው?

ለችግረኛ ቤተሰብ የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው የዕለት ጉርስ በመሸፈኑ ነው። ድህነት ግን ከረሃብ አልፎ የልጆችን ደህንነት ይነካል። የቤት ኪራይ ያጠረው አባት ልጁን ከትምህርት ቤት አስወጥቶ ሥራ ይልከዋል። ሌላው ገና ያልደረሰች ልጁን ይድራል። አንዳንዷ እናት ደግሞ ልጇን ከተማ ለሚኖር ሰው በቤት ሠራተኝነት ትሰጣለች። ቁርኣን በሱረቱል አንዓም 151 እና በሱረቱል ኢስራእ 31 ድህነትን ፈርቶ ልጅን መግደልን ሲከለክል፣ የወላጅ ችግር ለልጅ አደጋ ሊሆን እንደሚችል አመላክቷል።

ታዲያ ገንዘብ ልጆችን ከእነዚህ አደጋዎች ይጠብቃል? አዎ፤ ነገር ግን የሚሰጥበት ደንብ ወሳኝ ነው።

የዑመር (ረ.ዐ) ውሳኔ

ኢብኑ ሰዕድ በ«ጦበቃት» ኪታባቸው እንደዘገቡት፣ ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ጡት ለተዉ ሕጻናት ቋሚ ድጎማ ይሰጡ ነበር። አንድ ሌሊት ከዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ጋር መዲና ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የሕጻን ለቅሶ ሰሙ። ደጋግመው ሄደው እናቱን ጠየቋት። ማንነታቸውን ያላወቀችው እናት፣ ዑመር የሚሰጠው ጡት ለተወ ልጅ ብቻ ስለሆነ ልጇን ያለጊዜው ጡት ልታስጥለው እየሞከረች እንደሆነ ነገረቻቸው። ዑመር በዚያ ሱብሒ ሰላቱን እያለቀሱ አሰገዱ። ከዚያም ማንም ልጁን ጡት ለማስጣል እንዳይቸኩል፣ ድጎማውም ከውልደት ጀምሮ እንዲሰጥ አሳወጁ።

እናቲቱ ልጇን ጠልታ አልነበረም። ደንቡ የጠየቃትን ለማሟላት ነበር የምትጣደፈው። ዑመርም ጥፋቱን በእናቲቱ ላይ ከማላከክ ይልቅ ደንቡን አስተካከሉ።

የማላዊ ተሞክሮ

እ.ኤ.አ. በ2008 እና በ2009 በማላዊ ዞምባ አውራጃ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 22 ዓመት የሆኑ ያላገቡ ሴቶች ላሏቸው ቤተሰቦች በየወሩ ገንዘብ ተሰጥቶ ውጤቱ ተጠንቷል። ከፊሎቹ ገንዘቡን የሚያገኙት ልጅቷ ቢያንስ 80 በመቶ የትምህርት ቀናትን ከተገኘች ብቻ ነበር። ለሌሎቹ ያለ ቅድመ ሁኔታ ተሰጠ።

በትምህርት ረገድ ቅድመ ሁኔታ የተቀመጠላቸው የተሻለ ውጤት አሳዩ። ያለ ዕድሜ ጋብቻና እርግዝና ግን በይበልጥ የቀነሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ በተሰጣቸው ዘንድ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በቅድመ ሁኔታ የሚሰጠው ገንዘብ ልጅቷ ትምህርት ስታቋርጥ አብሮ ይቋረጣል፤ ለጋብቻ ይበልጥ የተጋለጠችው ግን ያቋረጠችዋ ናት። ሌላም ትምህርት አለ፤ ያለ ቅድመ ሁኔታ የተሰጠው ገንዘብ ሲቆም ያመጣው ለውጥም ብዙ ሳይቆይ አብዛኛው ጠፍቷል።

በአገራችን

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም መሥራት የሚችሉትን በእርከን፣ በውኃና በመንገድ ሥራ አሰማርቶ ይከፍላል። መሥራት ለማይችሉ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች ደግሞ በቀጥታ ይሰጣል። እዚህም ለልጆች ስጋት አለ። እናት ወደ እርከን ሥራ ስትሄድ ታናናሾቿን ለመጠበቅ ከትምህርት የምትቀረው ብዙ ጊዜ ታላቋ ልጅ ናት። ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች ከሥራው ነፃ ሆነው ክፍያ እንዲያገኙ፣ በሥራ ቦታም የሕጻናት ማቆያ እንዲኖር በደንቡ የተካተተው ይህን መሰል ጉዳት ለመቀነስ ነው።

በአማራ ክልል በፕሮግራሙ ላይ የተካሄደ ጥናት፣ ገንዘቡ የቤተሰብን የኑሮ ጫና በማቃለልና ትምህርትን በማገዝ ያለ ዕድሜ ጋብቻን ሊያዘገይ እንደሚችል አሳይቷል። ሥር የሰደደ ልማድን ግን ብቻውን አይለውጥም።

ለዘካና ለሰደቃ ሰጪዎች

ከዚህ ሁሉ ለጀመዓችን የሚጠቅሙ ነጥቦች አሉ።

አንደኛ፣ ድጋፍ ቢዘልቅ ይመረጣል። ብዙዎቻችን ዘካችንን በረመዳን በአንድ ጊዜ እንሰጣለን። የመስከረም የትምህርት ወጪ ሲመጣ ግን ያ ገንዘብ አልቋል። አብዛኞቹ ዑለማኦች ዘካን ከጊዜው አስቀድሞ መስጠትን ስለሚፈቅዱ፣ የመጪውን ዓመት ዘካ ገምቶ በየወሩ ከፋፍሎ አስቀድሞ መስጠት ይቻላል። ጊዜው ከደረሰ በኋላ ማዘግየት ግን ሌላ ጉዳይ ስለሆነ ዝርዝሩን የአካባቢዎን ዓሊም ይጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ገንዘቡ ልጁን በእርግጥ በሚያሳድገው ሰው እጅ ይግባ። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 የጀመረችው የሕጻናት ድጎማ የሚከፈለው፣ አያትም ትሁን አክስት፣ ልጁን ለምትንከባከበው ነው። የቲሙን አያቱ እያሳደገችው ገንዘቡን በስሙ አጎቱ የሚቀበል ከሆነ ልጁ አልተረዳም።

ሦስተኛ፣ ቅድመ ሁኔታ ከማስቀመጥ በፊት ማንን እንደሚያስቀር እናስብ። ልጁ ከመድረሳ ወይም ከትምህርት ቤት ሲቀር ድጋፉን ከማቋረጥ በፊት ቤቱ ሄዶ ምክንያቱን መጠየቅ ይቀድማል።

አራተኛ፣ ለሰጪዎች ማስረጃ ተብሎ የልጆችን ፎቶ ከነስማቸው በማኅበራዊ ሚዲያ መልቀቅ ክብራቸውን ይነካል፤ ችግራቸውን ለሚጠቀምበት ሰውም ያጋልጣቸዋል። ሒሳቡን በሰነድና በምስክር መያዝ ይቻላል። ሱረቱ ኒሳእ 6 የየቲም ንብረት ሲመለስ ምስክር እንዲቆም ያዝዛል።

ገንዘብ ሁሉንም አይፈታም። ድብደባ ወይም ጾታዊ ጥቃት ያለበት ቤት የሚያስፈልገው ሕግና ከለላ ነው። ያለ ዕድሜ ጋብቻም ሊፈጸም ሲል ለፖሊስ ወይም ለሴቶችና ሕጻናት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል። በችግር ምክንያት ሊበተን ላለው ቤት ግን ትንሽም ብትሆን በወሩ ሳትዛነፍ የምትደርስ ገንዘብ ልጅን ከእናቱ ጋር ታቆያለች። አላህ ከምንሰጠው ይቀበለን፤ ለሚገባውም በአግባቡ የምናደርስ ያድርገን።