የሸማቾች አድማና የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያዎች

ሸማች በአንድ ኩባንያ አሠራር ቅር ሲሰኝ በእጁ የሚቀረው መሣሪያ ገንዘቡን መከልከል ነው። መሣሪያው በቪዲዮ ጨዋታ ገበያ ምን ያህል እንደሠራ ለመመዘን ሦስት ታሪኮችን ማስተያየት ይጠቅማል። ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በ2009 አክቲቪዥን ያወጣው «ሞደርን ዋርፌር 2» የኮምፒዩተር ተጫዋቾች በራሳቸው ሰርቨር የሚጫወቱበትን የቆየ አሠራር አስቀረ። የተቆጡት ከ100,000 በላይ ፊርማ አሰባሰቡ፤ ጨዋታውን ላለመግዛትም ብዙዎች አደሙ። ሆኖም ጨዋታው በወጣበት ዕለት ከአድመኞቹ ብዙዎቹ ያንኑ ሲጫወቱ በገዛ ስማቸው ታዩ። በመጀመሪያው ቀን በአሜሪካና በብሪታኒያ ብቻ 4.7 ሚሊዮን ያህል ቅጂ ተሸጠ። ኩባንያውም ከአቋሙ ንቅንቅ አላለም።

በ2017 ኤሌክትሮኒክ አርትስ «ስታር ዋርስ ባትልፍሮንት 2» በተባለው ጨዋታ ሙሉ ዋጋ የከፈለው ሰው ብልጫ ለማግኘት በዕጣ ላይ እንደገና እንዲከፍል የሚገፋ ሥርዓት አስገባ። ቁጣው ከሽያጩ ቀን አስቀድሞ ስለ ተነሣ ኩባንያው በዋዜማው ክፍያውን አገደ፤ በ2018ም ሥርዓቱን ለወጠ። ኩባንያው 10 ሚሊዮን ቅጂ ጠብቆ 9 ሚሊዮን ሸጠ። ከገበያው ጉድለት ይልቅ የከበደው ግን ጩኸቱ የሕግ አስከባሪዎችን መቀስቀሱ ነበር፤ የቤልጅግ የቁማር ኮሚሽን መርምሮ በኤፕሪል 2018 በሌሎች ጨዋታዎች ያገኛቸውን መሰል ዕጣዎች ሕገ ወጥ አላቸው።

በሴፕቴምበር 2023 ደግሞ የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር አቅራቢው ዩኒቲ በእያንዳንዱ የጨዋታ ጭነት ላይ ክፍያ እንደሚጥል አስታወቀ። የዚህ ሸማቾች የሙያው ሰዎች ነበሩ። ከፊሎቹ የኩባንያውን የማስታወቂያ አገልግሎት ዘጉ፤ ሌሎችም ወደ ሌላ መሣሪያ እንደሚዛወሩ አስታወቁ። ዩኒቲ በዐሥር ቀን ውስጥ ዕቅዱን አሻሻለ፤ በሴፕቴምበር 2024ም ክፍያውን ጨርሶ ሰረዘ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለው ብሂል እውነት የሚሆነው ድሩ በእርግጥ ሲፈተል ነው። የ2009ኙ አድማ ስም እንጂ ገንዘብ አልያዘም። የ2017ቱ ጥያቄው አንድና ግልጽ ሆኖ በሕግ ተደገፈ። የ2023ቱ አድመኞች ገቢውን በዚያው ሰዓት ማቋረጥና ወደ ሌላ መዛወር ይችሉ ነበር። እንግዲህ የአድማ ኃይል የሚለካው በአድመኛው ብዛት ሳይሆን፣ ኩባንያው ሊያጣ በሚችለው ነገርና አድመኛው በቃሉ በመጽናቱ ነው። መሣሪያ ለሚመርጠው መሐንዲስም ትምህርቱ ይኸው ነው፦ መውጫ በር የሌለው ደንበኛ ቢቆጣም የሚሰማው የለም።